ኮምፒውተር ሲቀየር ድረ ገጽ ለምን አልከፈት ይላል?

አንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ወይም የከተማ ጽሕፈት ቤት አሮጌ ኮምፒውተሩን በአዲስ ሲተካ ሥራው እንደሚቀላጠፍለት ይጠብቃል። ይሁን እንጂ ትናንት ያለ ችግር ይከፈት የነበረው ድረ ገጽ በአዲሱ መሣሪያ ላይ ባዶ ሆኖ ሊመጣ፣ የመመዝገቢያ ቅጹ አልላክ ሊል፣ የአማርኛው ጽሑፍም ሊነበብ ወደማይችል ምልክት ሊለወጥ ይችላል። በዚህ ጊዜ ጣት የሚቀሰረው በኢንተርኔቱ ወይም በአዲሱ ኮምፒውተር ላይ ነው። የምዝገባ ቀን እያለፈበት ያለ ባለጉዳይ ደግሞ የዚህን ዋጋ ይከፍላል።

የችግሩ ሥር ብዙውን ጊዜ በሦስት ነገሮች መካከል ያለው አለመጣጣም ነው። የመጀመሪያው ኮምፒውተሩን ወይም ስልኩን የሚመራው ሥርዓት ሲሆን ዊንዶውስ፣ ማክ፣ ሊኑክስ እና አንድሮይድ ተጠቃሾች ናቸው። ሁለተኛው ድረ ገጽ የሚከፍተው ብሮውዘር ነው፤ ክሮም፣ ፋየርፎክስ፣ ኤጅ እና ሳፋሪ በዚህ ይመደባሉ። ሦስተኛው ድረ ገጹ ራሱ ነው። ለደጋ የተመረጠ ዘር ቆላ ላይ ቢዘራ ዘሩም መሬቱም ሳይበላሽ ምርት እንደሚጠፋ ሁሉ፣ ለአንድ ብሮውዘር ብቻ ተለክቶ የተሠራ ድረ ገጽም በሌላው ላይ ሥራውን ያቆማል።

ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው የማይክሮሶፍት ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ነው። ብዙ ተቋማት ድረ ገጾቻቸውን የሠሩት "አክቲቭ ኤክስ" በተባለ፣ በዊንዶውስ ላይ ባለው በዚህ ብሮውዘር ብቻ በሚሠራ ተጨማሪ ፕሮግራም ላይ ተመሥርተው ነበር። ደቡብ ኮሪያ በዚህ ረገድ ስሟ ይነሣል። በሀገሪቱ በኢንተርኔት ለመገበያየትና የባንክ አገልግሎት ለማግኘት ለዓመታት ይህ ፕሮግራም ያስፈልግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 የወቅቱ ፕሬዚዳንት ፓርክ ጉን ሄ የውጭ ሀገር ሸማቾች በኮሪያ ተከታታይ ድራማ ያዩትን ካፖርት ከኮሪያ ድረ ገጾች መግዛት እንዳልቻሉ በአደባባይ እስከማንሣት ደርሰዋል። ማይክሮሶፍት በዊንዶውስ 10 ላይ ለኢንተርኔት ኤክስፕሎረር የሚሰጠውን ድጋፍ እ.ኤ.አ. ሰኔ 15 ቀን 2022 ሲያቋርጥ፣ በእርሱ ላይ ብቻ የተንጠለጠሉ ገጾች ሁሉ ተተኪ መፈለግ ግድ ሆነባቸው።

ችግሩ በተቃራኒው አቅጣጫም ይከሠታል። ኮምፒውተሩ አሮጌ፣ ድረ ገጹ አዲስ ሲሆን ማለት ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 የሚሰጠውን ድጋፍ እ.ኤ.አ. በጥር 2020 አቁሟል። በዚህ ሥርዓት ላይ የሚሠራው የመጨረሻው ክሮምም እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ የወጣው 109ኛው ነው። ስለዚህ ዛሬ የተሠሩ ገጾች በእንዲህ ያለ ኮምፒውተር ላይ በከፊል ቢከፈቱ ወይም ጨርሶ ባይከፈቱ አያስገርምም። የደኅንነት ክፍተቱም አብሮ ይሰፋል።

የአማርኛ ፊደል ጉዳይ ለብቻው መታየት ይኖርበታል። የዓለም ቋንቋዎችን ፊደላት በአንድ መለያ ቁጥር የሚያስተናግደው ዩኒኮድ የግእዝን ፊደል ያካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የአማርኛ ፕሮግራሞች ፊደላቱን በላቲን ፊደላት ቦታ ያስቀምጡ ስለነበር፣ ያ የፊደል ፕሮግራም ያልተጫነበት ኮምፒውተር ጽሑፉን ትርጉም በሌለው የላቲን ፊደል ድርድር ያሳያል። ባዶ ሳጥኖች ከታዩ ግን ጽሑፉ ደኅና ነው፤ የጎደለው በመሣሪያው ላይ የሚጫነው የግእዝ ፊደል ብቻ ነው። ይህን ልዩነት ማወቅ የአባላት መዝገብና የቁጠባ ሰነድ "ጠፋ" ተብሎ እንዳይጣል ያግዛል።

ከዚህ በመነሣት፣ መሣሪያ ለመቀየር የሚያስብ ተቋምም ሆነ ግለሰብ አስቀድሞ ሊያደርጋቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። በየዕለቱ የሚጠቀምባቸውን ድረ ገጾች ዘርዝሮ መጻፍ፣ በአዲሱ መሣሪያ ላይ እያንዳንዳቸውን እስከ መጨረሻው መሞከር፣ ይህ እስኪጠናቀቅም አሮጌውን ኮምፒውተር አለማስወገድ ይመከራል። በብሮውዘሩ ውስጥ የተቀመጡ የይለፍ ቃሎች ከአሮጌው ጋር ሊቀሩ ስለሚችሉ ቀድሞ ማዛወር ያሻል። በአሮጌ የአማርኛ ፕሮግራም የተጻፉ ሰነዶችም ፕሮግራሙ ገና እየሠራ ሳለ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ አለባቸው።

ገጽ አልከፈት ሲል በቅድሚያ ብሮውዘሩን ማደስ፣ ካልሆነም በሌላ ብሮውዘር መሞከር ተገቢ ነው። የኮምፒውተሩ ቀንና ሰዓት የተሳሳተ ከሆነም ብሮውዘሩ ደኅና የነበረውን ገጽ እንደማይታመን ቆጥሮ ስለሚከለክል መስተካከል ይኖርበታል። በኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ብቻ የሚሠራ የቆየ ገጽ ለገጠመው ደግሞ በዊንዶውስ ላይ ያለው ኤጅ የቆዩ ገጾችን የሚከፍትበት ልዩ መንገድ አለው፤ ማይክሮሶፍትም ቢያንስ እስከ 2029 እንደሚያቆየው አስታውቋል።

ዘላቂው መፍትሔ ግን ያለው በተጠቃሚው እጅ ሳይሆን በገጹ ባለቤት ዘንድ ነው። አገልግሎቱን በኢንተርኔት የሚሰጥ ተቋም ገጹን በጋራ መለኪያ መሠረት ማሠራት፣ ከመረከቡ በፊትም በልዩ ልዩ ብሮውዘሮችና በእጅ ስልክ ላይ ማስፈተሽ ይጠበቅበታል። አርሶ አደሩ ከስልኩ ሌላ ኮምፒውተር ላይኖረው ይችላልና በስልክ የማይከፈት አገልግሎት ለእርሱ እንደተዘጋ ቢሮ ነው።