«ነርቸር»፦ በኤፌሶን 6፥4 ያለው ቃል ምን ይላል?

በደቀ መዝሙርነት ሥልጠናዎቻችን «ነርቸር» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል እንደ ራሳችን ቃል ሆኗል። ብዙዎቻችን «እንክብካቤ» ብለን እንተረጉመዋለን፤ ለዛሬው እንግሊዝኛ አይከፋም። ችግሩ የሚመጣው ይህንኑ ትርጉም ይዘን በኪንግ ጀምስ ትርጉም ኤፌሶን 6፥4ን ስናነብ ነው።

ቃሉ ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከጥንቱ ፈረንሳይኛ ሲሆን፣ ሥሩ «ኑትሪሬ» የተባለው የላቲን ግሥ ነው፤ ማጥባት፣ መመገብ ማለት ነው። «ነርስ» የሚለውም ከዚሁ ሥር የበቀለ ነው፤ ቀድሞ የሚያመለክተው የሐኪም ቤት ባለሙያን ሳይሆን ሕፃን የምታጠባና የምታሳድግ ሴትን ነበር። በመካከለኛው ዘመን ግን «ነርቸር» ከምግብ አልፎ አስተዳደግን፣ ጨዋነትንና ሥርዓት ማስያዝን ጭምር ያዘ። የ1611ዱ ተርጓሚዎች «ፓይዴያ» ለሚለው የግሪክ ቃል የመረጡት በዚህ ጠንከር ባለ ፍቺው ነው። ያው የግሪክ ቃል በዕብራውያን 12 ቅጣት ተብሏል። ዛሬ እንግሊዝኛውን የሚያነብ ሰው የሚሰማው ልስላሴው ብቻ ነው።

ነባሩ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ እዚህ ላይ «ምክር» እና «ተግሣጽ» ስለሚል ከዚህ ስሕተት ይጠብቀናል። ይሁን እንጂ የእኛ ፈተና በሌላ በኩል ነው። ተግሣጽን ብቻ ነጥሎ ይዞ ልጁን የሚያሸማቅቅ አባት ይህንኑ ጥቅስ ሲጠቅስ እንሰማለን፤ ልጆቻችሁን አታስቆጡ የሚለውም እዚያው ቁጥር ውስጥ እያለ!

በግሪኩ መመገብ ያለው በስሙ ሳይሆን በግሡ ውስጥ ነው። «አሳድጉ» ተብሎ የተተረጎመው «ኤክትሬፎ» ሲሆን፣ በ5፥29 ሰው የገዛ ሥጋውን እንደሚመግብ የሚናገረውም ያው ግሥ ነው። በ1ኛ ተሰሎንቄ 2፥7 ጳውሎስ ራሱን ያመሳሰለበት «ሞግዚት»ም በግሪኩ «ትሮፎስ» ነው፤ ከዚሁ የመመገብ ሥር የወጣ ነው። እንግዲህ በኤፌሶን የታዘዙት አባቶች መጀመሪያ እንዲመግቡ፣ በዚያም ውስጥ እንዲመክሩና እንዲገሥጹ ነው። ተግሣጹ ከማዕዱ አይለይም።

የቆዩ የእንግሊዝኛ መጻሕፍትን ለሚተረጉሙ ተማሪዎቻችን ከ«እንክብካቤ» ይልቅ «ኮትኩቶ ማሳደግ» የሚለውን እመርጥላቸዋለሁ። የሚኮተኩት ገበሬ አፈሩን ለሥሩ ያለሰልሳል፤ በዚያው እጁ አረሙን ይነቅላል።