የቋሚ ነዋሪነት ፈቃድና የጤና መድኅን፦ የወረዳና የቀበሌ ጽሕፈት ቤቶች ሊያውቁት የሚገባ

በካፋ ዞን በደካም ሆነ በቦንጋ፣ ልጁ ወይም የትዳር ጓደኛው ውጭ ሀገር የሚኖር አንድ ተገልጋይ ወደ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት መጥቶ የጤና መድኅን አባል መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ እንዲጻፍለት ቢጠይቅ፣ ባለሙያው ምን ሊመልስለት ይገባል? ደብዳቤውን ጽፎ ማኅተም መምታት ቀላል ነው። ይሁንና ያ ደብዳቤ ተተርጉሞ፣ ተረጋግጦና ገንዘብ ተከፍሎበት ኤምባሲ ሲደርስ የሚሰጠው ጥቅም የለም። ተገልጋዩ ገንዘቡንና ጊዜውን ካጠፋ በኋላ ከሚያውቀው፣ ከመነሻው ቢነገረው ይሻላል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች በሙከራ ደረጃ ተጀምሮ ወደ ሌሎች አካባቢዎች የተስፋፋ ሥርዓት ሲሆን፣ አባል የሚሆነው ቤተሰብ ነው። ቤተሰቡ በየዓመቱ መዋጮውን ከፍሎ መታወቂያውን ያሳድሳል፤ ሕክምናውንም ውል በተገባላቸው የሀገር ውስጥ የጤና ተቋማት ያገኛል። ከሀገር ውጭ የሚሰጥ ሕክምናን ግን አይሸፍንም። ለመንግሥት ሠራተኛው በአዋጅ ቁጥር 690/2002 የታሰበው፣ ሠራተኛውና አሠሪው እያንዳንዳቸው 3 በመቶ እንዲያዋጡ የሚጠይቀውና ትግበራው በተደጋጋሚ የተራዘመው የማኅበራዊ ጤና መድኅንም ቢሆን የሀገር ውስጥ አገልግሎትን ብቻ የሚመለከት ነው። ስለዚህ መታወቂያው ለባለቤቱ በጤና ጣቢያና በሆስፒታል የሚያገለግለውን ያህል በኤምባሲ መስኮት ላይ አያገለግልም።

ጉዳዩን የሚያወሳስበው ሌላው ነጥብ፣ ባለጉዳዮች የመግቢያ ቪዛን፣ ጊዜያዊ የመኖሪያ ፈቃድንና ቋሚ ነዋሪነትን አብዛኛውን ጊዜ «ቪዛ» በሚል አንድ ስም የሚጠሯቸው መሆኑ ነው። የመድኅኑ ጥያቄ ግን በሦስቱም ላይ አንድ ዓይነት አይደለም። ወደ ሸንገን አባል ሀገሮች ለአጭር ጊዜ የሚጓዝ ሰው ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ሕክምና መድን እንዲያቀርብ ይጠየቃል። ይህም በአዲስ አበባ ከሚገኙ የመድን ድርጅቶች ሊገዛ የሚችል ነው። በዚህ መድን ገብቶ የተመለሰ ዘመድ ያለው ሰው፣ ለቋሚ ነዋሪነትም ይኸው ወረቀት ይበቃል ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም፤ ግን አይበቃም።

ጀርመንን ለአብነት እንመልከት። በሀገሪቱ የውጭ ዜጎች የመኖሪያ ሕግ መሠረት ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ለማግኘት በመደበኛው አሠራር አምስት ዓመት በሕጋዊ ፈቃድ መኖር፣ 60 ወር የጡረታ መዋጮ መክፈልና ኑሮን ያለ መንግሥት ድጎማ መምራት መቻል ያስፈልጋል። ሕጉ «ኑሮን መምራት» ሲል በቂ የጤና መድኅን ሽፋን መኖሩንም ይጨምራል። ተቀጣሪ የሆነ ሰው በሕዝባዊው የመድኅን ሥርዓት የሚታቀፍ ሲሆን፣ መዋጮውን ከአሠሪው ጋር ይጋራል። ገቢ የሌላቸው የትዳር ጓደኛና ልጆች ደግሞ ተጨማሪ ክፍያ ሳይጠየቁ በእርሱ ስም ይሸፈናሉ። በዚህ መንገድ መድኅኑ የሚመጣው ከሥራው ነው፤ ከሀገር ቤት የሚላክ ወረቀት አያስገኘውም።

ብሪታንያ በሌላ መንገድ ትሄዳለች። አመልካቹ መድን እንዲገዛ አትጠይቅም፤ ለጤና አገልግሎቱ በቅድሚያ እንዲከፍል ታደርጋለች። ክፍያው እ.ኤ.አ. በ2015 ሲጀመር በዓመት 200 ፓውንድ የነበረ ሲሆን፣ ከፌብሩዋሪ 6 ቀን 2024 ጀምሮ ለአዋቂዎች 1,035 ፓውንድ ሆኗል። ከኢትዮጵያ ለምትሄድ የትዳር ጓደኛ የሚሰጠው የመጀመሪያ ፈቃድ የሁለት ዓመት ከዘጠኝ ወር በመሆኑ እንደ ሦስት ዓመት ተቆጥሮ 3,105 ፓውንድ ያስከፍላል። የሚያስገርመው፣ ለቋሚ ነዋሪነት በሚቀርበው የመጨረሻ ማመልከቻ ላይ ይህ ክፍያ የማይጠየቅ መሆኑ ነው። ሸክሙ ያለው በመጀመሪያው በር ላይ እንጂ በመጨረሻው አይደለም።

ካናዳ ቋሚ ነዋሪነት ለሚጠይቁ ሰዎች የሕክምና ምርመራ እንጂ የመድን ውል ግዴታ አታደርግም። የአመልካቹ የጤና ሁኔታ በሕዝባዊው አገልግሎት ላይ ከመጠን ያለፈ ወጪ የሚያስከትል ከሆነ ማመልከቻው ውድቅ ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም ስደተኞች እንዲሁም በቤተሰብ የተጠሩ የትዳር ጓደኞችና ጥገኛ ልጆች ከዚህ ገደብ ነፃ ናቸው። በአንጻሩ ልጆቻቸውን ለመጠየቅ በረጅም ጊዜ የጉብኝት ቪዛ የሚሄዱ ወላጆችና አያቶች ቢያንስ 100,000 የካናዳ ዶላር የሚሸፍን የአንድ ዓመት መድን ማቅረብ አለባቸው። ስለዚህ ቋሚ ለሚሆነው ያልተጠየቀው መድን፣ ሊጠይቅ ለሚሄደው አባት ወይም እናት ግዴታ ሆኖ ይገኛል።

በአሜሪካ ጉዳይ ላይ ግን ጠለቅ ማለት ያስፈልጋል፤ በሀገራችን እስከ ዛሬ የሚሰማው ብዥታ የመነጨው በአብዛኛው ከዚያ ነውና። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 4 ቀን 2019 ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ የኢሚግራንት ቪዛ አመልካቾች ሀገሪቱ በገቡ በ30 ቀናት ውስጥ የተፈቀደ የጤና መድን የሚኖራቸው መሆኑን፣ ካልሆነም የሕክምና ወጪያቸውን የሚችሉበት አቅም ያላቸው መሆኑን እንዲያሳዩ የሚያዝ አዋጅ አወጡ። በቤተሰብ የተጠሩትንም ሆነ የዲቪ ዕድለኞችን የሚመለከት ነበር። ቢያንስ ለ364 ቀናት የሚያገለግል የጎብኚ መድን ተቀባይነት እንዳለው በአዋጁ ሰፍሮ ነበር። አዋጁ በኖቬምበር 3 ሥራ ላይ ሊውል አንድ ቀን ሲቀረው በኦሪገን የሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት አገደው። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2020 የመጨረሻ ቀን እግዱን ቢሽርም፣ አዋጁ ሳይተገበር ፕሬዚዳንት ጆ ባይደን ሜይ 14 ቀን 2021 ሻሩት። ዜናው በወጣበት ሰሞን የተሰራጨው ወሬ ግን ከአዋጁ ጋር አልተሻረም።

ይህ ማለት በአሜሪካ የጤና ወጪ ጥያቄ ቀርቷል ማለት አይደለም። የሀገሪቱ ሕግ «የመንግሥት ሸክም» ይሆናል ተብሎ የሚገመተውን አመልካች ለመከልከል ለቆንስላው ሥልጣን ይሰጣል። ቤተሰቡን የሚጠራ ሰውም በአብዛኛው ገቢው ከድህነት መለኪያው 125 በመቶ በታች አለመሆኑን በሰነድ አስደግፎ ግዴታ ይገባል። በ1996ቱ ሕግ መሠረት ደግሞ አብዛኛው አዲስ ግሪን ካርድ ያዥ ሜዲኬይድ የተባለውን የፌዴራል ሕክምና ድጋፍ ለማግኘት አምስት ዓመት ይጠብቃል። በመሆኑም ከሀገር ቤት ወላጆቹን የሚጠራ ልጅ ሊያስብበት የሚገባው ወላጆቹ ከደረሱ በኋላ ማን ያሳክማቸዋል የሚለውን ነው።

ወደ ባሕረ ሰላጤው ሀገሮች የሚሄዱ ሠራተኞች ጉዳይ ከዚህ ይለያል። የሚያገኙት በአሠሪ ላይ የተመሠረተ ጊዜያዊ ፈቃድ ሲሆን፣ በአዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት የመድን ሽፋን ወጪ የአሠሪው ነው። የተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ የግል ድርጅትና የቤት ሠራተኞች የጤና መድን በሁሉም ግዛቶቿ ግዴታ እንዲሆን አድርጋለች። ለዚህ ክፍያ ከሠራተኛዋ ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላ ቢኖር የሚጠይቀው ያለአግባብ ነው።

እንግዲህ የመድኅን ደብዳቤው የማይጠቅም ከሆነ፣ የወረዳና የቀበሌ ጽሕፈት ቤት በዚህ ጉዳይ ምን ሚና አለው? ሚናው ከሚታሰበው በላይ ነው። ከላይ እንደተመለከተው አንድ ሰው በሌላው ሰው መድኅን የሚታቀፈው የትዳር ጓደኛው ወይም ልጁ መሆኑ ሲረጋገጥ ነው። ማረጋገጫው ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት የሚሰጠው የልደትና የጋብቻ የምስክር ወረቀት ነው። በጀርመን ልጅ በወላጁ መድኅን የሚታቀፈው እስከ 18 ዓመቱ፣ ሥራ ከሌለው እስከ 23፣ ተማሪ ከሆነ እስከ 25 ዓመቱ ነው። በካናዳ ደግሞ ጥገኛ ልጅ ተብሎ ለመጠራት ዕድሜው ከ22 ዓመት በታች መሆን አለበት። የአንድ ዓመት ስሕተት በር ይዘጋል።

ስሕተቱ ብዙ ጊዜ የሚፈጠረው በዘመን አቆጣጠር ለውጥ ላይ ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 (በዘመነ ዮሐንስ እስከ ታኅሣሥ 21) ለተወለደ ሰው በዓመተ ምሕረቱ ላይ 7 ይደመራል፤ ከዚያ በኋላ ለተወለደ 8 ይደመራል። ጥር 10 ቀን 2002 ዓ.ም. የተወለደች ልጅ ልደቷ ጃንዋሪ 18 ቀን 2010 ነው። መዝጋቢው በልማድ 7 ደምሮ 2009 ብሎ ቢጽፍ ልጅቷን በአንድ ዓመት ያስረጃታል። ፓስፖርቱ ላይ 2010፣ የምስክር ወረቀቱ ላይ 2009 ሲሆን ደግሞ ጥርጣሬው ከዕድሜዋ አልፎ ልጅነቷን ጭምር ይነካል። የስም አጻጻፍም እንዲሁ ነው፤ የአያት ስም በአንዱ ሰነድ ገብቶ በሌላው ሲቀር፣ ወይም አንዱ ስም በላቲን ፊደል በሁለት መንገድ ሲጻፍ፣ የውጭው ሹም ሁለት የተለያዩ ሰዎች አድርጎ ሊያያቸው ይችላል። የምስክር ወረቀት ከመታተሙ በፊት ተገልጋዩ ፓስፖርቱን እንዲያመጣ መጠየቅ ጥቂት ደቂቃ የሚወስድ ሥራ ነው።

የተጓዡ ቤተሰብም መረሳት የለበትም። አባወራው ወይም ልጁ ከሄደ በኋላ የማኅበረሰብ አቀፍ መድኅኑን እድሳት የሚከታተል ሰው ሊጠፋ ይችላል። የእድሳቱ ጊዜ ካለፈ ደግሞ ቤት የቀሩት አረጋውያን ወላጆች በሕመም ጊዜ ከኪሳቸው እንዲከፍሉ ይገደዳሉ። ለጉዞ ሰነድ የመጣን ተገልጋይ የቤተሰቡ መታወቂያ መቼ እንደሚያበቃና ከእርሱ በኋላ መዋጮውን ማን እንደሚከፍል መጠየቅ፣ ካስፈለገም የቤተሰቡን መዝገብ በዚያው ዕለት ማስተካከል ይቻላል።