የወፍ ትምህርት በወረንጦና በማንኪያ

ዛሬ የምጽፍላችሁ የአንደኛ ክፍል ልጆችን ስለ ወፍ እንዴት እንዳስተማርናቸው ነው። ነገሩ የተጀመረው ቧንቧው አጠገብ ባለው ዛፍ ምክንያት ነው። ቢጫዎቹ ወፎች እዚያ ላይ ጎጆ ሠርተው ነበር፤ ትንንሾቹ ልጆች ግን በእረፍት ሰዓት ድንጋይ እየወረወሩ ሁለቱን ጎጆ ጣሉት። "ተዉ!" ብለን ብንጮህባቸውም ዞር ስንል ተመልሰው ይወረውራሉ። የሳይንስ መምህራችን "ከምትጮሁባቸው ለምን አታሳዩአቸውም?" አሉንና አርብ አርብ ክፍላቸው መግባት ጀመርን።

መጀመሪያ የምንቃር ጨዋታ ነበር። ጠረጴዛ ላይ ወረንጦ፣ ፒንሳ፣ ስትሮና ማንኪያ ደረደርን። ምግቡ ደግሞ ከነቅርፊቱ ያለ ለውዝ፣ በጠባብ ጠርሙስ ውስጥ ያለ ውሃና አፈር ውስጥ የቀበርነው ቁርጥራጭ ላስቲክ ነው (ትል ነው ብለናቸዋል)። አንድ ልጅ የሚይዘው አንድ "ምንቃር" ብቻ ነው። ማንኪያ የደረሰው ልጅ ከጠርሙሱ ውሃ ለማውጣት ሲታገል ክፍሉ በሳቅ ሞተ። ከዚያ ራሳቸው ደረሱበት። ፒንሳው ጠንካራ ፍሬ ይሰብራል፤ እህል የምትበላ ወፍም ምንቃሯ አጭርና ወፍራም ነው። ስትሮው ከአበባ ውስጥ ጣፋጩን ፈሳሽ የምትጠጣዋ ወፍ ነው፣ ወረንጦው ትል ለቃሚዎቹ። አንዷ ልጅ "ጥንብ አንሳስ?" ስትለን እቃ አላዘጋጀንም ነበር! መምህራችን ጥፍራቸውን ቆልመም አድርገው ሥጋ መቦጨቂያውን አሳዩልን። ስለ ቁራም ነገሩን፤ ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለው ትልቅ ምንቃር ያለው ቁራ ከአፍሪካ ቀንድ ሌላ የትም አይኖርም። እኔ እኮ በየአገሩ ያለ ይመስለኝ ነበር።

በሚቀጥለው አርብ የዶሮ ላባ ይዘን ሄድን። ላባውን ወደ ታች ስትስቡት ይሰነጣጠቃል፤ ወደ ላይ ስትዳብሱት እንደ ዚፕ መልሶ ይገጥማል። ጥቃቅን መንጠቆዎች ስላሉት ነው። ወፍ ላባዋን በምንቃሯ ስታበጥር የምትሠራው ይህንኑ ነው። ላባ ከነካችሁ ግን እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

የከበደው ጎጆ መሥራት ነበር። ደረቅ ሳር ሰጠናቸውና "በሁለት ጣት ብቻ" አልናቸው፣ ወፍ እጅ የላትማ። ሳሩ እየተሰበረ ማንም ሳይጨርስ ደወል ተደወለ፤ አንዱማ አለቀሰ። ለካ ጥፋቱ የኛ ነው፤ ቢጫዎቹ ወፎች የሚሸምኑት በእርጥብ ሳር ነው፣ ስለሚተጣጠፍ። ሸማኔው ደግሞ ወንዱ ነው። ሴቷ መጥታ ትመረምራለች፣ ካልወደደችው ትታው ትሄዳለች። ይህን ስንነግራቸው ድንጋይ ሲወረውር ያየነው ልጅ ቀስ ብሎ "ያፈረስነውን መልሰው ይሠሩታል?" አለን። ምን እንበለው? ወጥተን እንይ አልን።

ሰኞ ጠዋት አንዱ ወፍ አረንጓዴ ሳር በአፉ ይዞ ሲመላለስ አየነው። ያ ልጅ አሁን በየእረፍቱ ዛፉ ሥር ይቆማል፤ ድንጋይ የሚያነሳ ካየ ሮጦ እኛን ይጠራል። ጎጆው ግማሽ ደርሷል። ቧንቧ ጋ ስትሰለፉ ቀና ብላችሁ እዩት፣ በስተግራ ባለው ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ነው።