ጉንፋን ይዟችሁ አታብርሩ!

አሜሪካ ሆናችሁ አልትራላይት አውሮፕላን ለመማር ወይም ለመግዛት ያሰባችሁ፣ ይቺን አንብቡ።

አልትራላይት ለመዝናኛ የምትበር፣ ከ115 ኪሎ በታች የምትመዝን ባለ አንድ ወንበር አውሮፕላን ናት። በአገሩ ሕግ እሷን ለማብረር የፓይለት ፈቃድም ሆነ የሐኪም ወረቀት አይጠየቅም። ስለዚህ "ዛሬ ጤንነቴ ለበረራ ይሆናል ወይ?" ብሎ የሚወስነው አብራሪው ራሱ ነው።

ጉንፋን ሲይዘን ጆሮን ከአፍንጫ ጀርባ ጋር የሚያገናኘው ቱቦ ይዘጋል። ያኔ አውሮፕላኗ ስትወርድ ጆሮ በኃይል ያማል፤ ሊያዞርም ይችላል።

"መድኃኒት ወስጄ እበራለሁ" ካላችሁ ደግሞ፣ እንደ ቤናድሪል ያሉት ያፈዛሉ። የአሜሪካ አቪዬሽን ባለሥልጣን ቤናድሪል የወሰደ አብራሪ 60 ሰዓት እንዲቆይ ይመክራል። እንቅልፉ ቢለቅም ንቃት ቶሎ አይመለስማ!

አውሮፕላኗ የትም አትሄድም፤ መጀመሪያ ዳኑ። ለሚያበር ወዳጃችሁ ሼር አድርጉ።