የፖሊስ ወሰን፦ ከእንጦጦ ጀርባ እስከ ባኒ ወሊድ

ከየካ ክፍለ ከተማ ተነስቶ የእንጦጦን ጋራ ወደ ሰሜን የተሻገረ ሰው ባሕር ዛፉን አልፎ ቁልቁል ሲወርድ ሱሉልታ ይገባል። ብርዱ ያው ነው፤ አፈሩም ያው ነው። ፖሊሱ ግን ሌላ ነው። ወዲህ ያለው የአዲስ አበባ ፖሊስ ሲሆን ወዲያ ያለው የኦሮሚያ ፖሊስ ነው። አለቃው፣ በጀቱና የምርመራ መዝገቡ ለየብቻ ነው። ሾላ ገበያ ወይም ኮተቤ ላይ ማታ የተሰረቀ ዕቃ ሌሊቱን ጋራውን ዞሮ ካደረ፣ የየካው መርማሪ ከዚያኛው ወገን ባልደረባው ጋር ሳይነጋገር ብዙ ርቀት አይሄድም። ሌባው ይህን ወሰን አሳምሮ ያውቀዋል።

አሁን በጋራው ምትክ የድንበር ከተሞቹን መተማን፣ ሞያሌንና ጋላፊን እናስቀምጥ። አንዲት እናት ልጇ ከቤት ከጠፋ በኋላ ከሊቢያ ስልክ ይደወልላታል። የሚደበደብ ልጅ ድምፅ ታሰማለች፤ ማስለቀቂያ ገንዘብ ትጠየቃለች። ልጁን ያማለለው ደላላ የሰፈር ሰው ነው፤ ያሻገረው ሱዳን ውስጥ ነው፤ ያገተው ሊቢያ ነው፤ ገንዘቡን የሚቀበለው ደግሞ ሌላ አገር የተቀመጠ ሰው ሊሆን ይችላል። ወንጀሉ አንድ ነው፤ የሚመለከታቸው ፖሊሶች አራት ወይም አምስት ናቸው። እያንዳንዳቸውም የተቋቋሙበት ሕግ፣ የሠለጠኑበት ልማድና የሚታዘዙለት አለቃ ይለያያል።

የአገሮች የፖሊስ ሥርዓት ሲነጻጸር ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው የትኛው ይሻላል የሚል ነው። እኔ ይበልጥ የሚያሳስበኝ በአንደኛው የተከፈተ መዝገብ በሌላኛው እጅ ሲገባ ሕይወት ይኖረዋል ወይ የሚለው ነው። ያቺ እናት ጣቢያ ሄዳ የሰጠችው ቃል ካርቱም ወይም ትሪፖሊ ወይም ዱባይ ላይ የሚያገለግል ካልሆነ፣ የጣቢያው ጥንካሬ ብቻውን ልጇን አይመልስም።

እኛ ራሳችን ብዙ ዓይነት የፖሊስ ልማድ አይተናል። በድሮው ሥርዓት አድራጊው ያልታወቀ ወንጀል ሲፈጸም ሕዝቡ ለአውጫጭኝ ይጠራ ነበር። የአካባቢው ሰው ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፣ እየማለ ያየውንና የሰማውን ያወጣል፣ ጥፋተኛው እስኪታወቅም አይበተንም። ካልተገኘ አገሬው አዋጥቶ ካሳ ይከፍላል። በንጹሕ ሰው ላይ የሚያደርሰው በደል ቀላል አልነበረም። ቢሆንም ሁሉም ሁሉን በሚያውቅበት ቀበሌ ይሠራ ነበር፤ ወንጀለኛው ከአካባቢው ብዙ እንደማይርቅ ታሳቢ አድርጎ የተሠራ ሥርዓት ነውና። ሊቢያ ውስጥ ባኒ ወሊድ ያለን አጋች በአውጫጭኝ ማግኘት አይቻልም።

ቀጥሎ ያየነው ልማድ ከውጭ መንግሥታት ጋር የመጣ ነው። አዲስ አበባ ስትቆረቆር፣ በተለይም ከዓድዋ ድል በኋላ የውጭ መንግሥታት መልእክተኞች ሲበዙ፣ ሰፋፊ ቦታ የተሰጣቸው በእንጦጦ ግርጌ፣ ዛሬ የካ በምንለው በኩል ነው። ፈረንሳይ ለጋሲዮን የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው፤ የእንግሊዝና የሩሲያ ኤምባሲዎችም ሩቅ አይደሉም። ጥር 1900 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ፈረንሳይ የተፈራረሙት፣ በፈረንሳዩ መልእክተኛ ስም የክሎቡኮውስኪ ውል የሚባለው ስምምነት፣ በፈረንሳይ ዜጎች ላይ የሚነሳን ጉዳይ ለቆንስላቸው የሚሰጥ ነበር። ፈረንሳዊና ኢትዮጵያዊ ሲካሰሱ ደግሞ ኢትዮጵያዊው ዳኛ ከቆንስሉ ጋር ይቀመጣል። ሌሎች መንግሥታትም የዚሁ መብት ተጠቃሚ ሆኑ። እንዲህ ሆኖ በአንዲት ከተማ ውስጥ፣ አጥር ለአጥር እየተያዩ፣ ብዙ ሕጎች ኖሩ። የከተማዋ ፖሊስ የነበረው የአራዳ ዘበኛ ሥልጣን ተከሳሹ የየት አገር ሰው ነው በሚል ጥያቄ ይወሰን ነበር።

ያ አደረጃጀት ምን ያህል ከተማዋን እንደከፋፈላት በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. በጉልህ ታየ። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን ከአዲስ አበባ ከወጡ በኋላ ጣሊያኖች እስኪገቡ በነበሩት ቀናት ከተማዋ ተዘረፈች፤ ተቃጠለች። የውጭ ዜጎች ወደየለጋሲዮኖቹ ሸሹ። የእንግሊዙን ለጋሲዮን ይጠብቁ የነበሩት ከሕንድ የመጡ የፑንጃብ ወታደሮች ናቸው። በዚያች ሰዓት የአንድ ሰው ደኅንነት የተመካው በየትኛው አጥር ውስጥ በመገኘቱ ላይ ነበር። የከተማው ነዋሪ ደግሞ የሚሸሸግበት ለጋሲዮን አልነበረውም።

ከነጻነት በኋላ ፖሊስ በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ተቋቋመ፤ በዚያው ዓመት ከብሪታንያ ጋር በተፈረመው ስምምነት መሠረትም እንግሊዛውያን መኮንኖች መጡ። የሥራ ልማዱና ማዕረጉ ከዚያ ወገን ብዙ ወሰደ። በ1954 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ወደ እንግሊዝ የሕግ ልማድ ሲያዘነብል፣ ከእሱ በፊት የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ግን ከስዊዘርላንድ በመጡ ምሁር የተረቀቀ ነው። ስለዚህ የእኛ መርማሪ የሚከተለው የምርመራ መንገድና የሚጠቅሰው የወንጀል አንቀጽ የተለያየ ዘር አላቸው። ይህ እንደ ጉድለት ሲነገር እሰማለሁ፤ ለእኔ ግን ከሁለቱም ወገን ፖሊሶች ጋር ለመነጋገር የሚያስችል ዕድል ይመስለኛል።

ልዩነቱን ለማየት ሁለቱን የየካ ጎረቤቶች፣ እንግሊዝንና ፈረንሳይን፣ እንመልከት። እንግሊዝና ዌልስ በየአካባቢው የተቋቋሙ 43 የፖሊስ ኃይሎች አሏቸው። አብዛኛው ፖሊስ መሣሪያ አይታጠቅም። በ1829 እ.ኤ.አ. የለንደን ፖሊስ ሲመሠረት የተያዘው ሐሳብ ፖሊስ የሚሠራው በሕዝቡ ፈቃድ ነው የሚል ነበርና። ፈረንሳይ ሁለት ታላላቅ ብሔራዊ ኃይሎች አሏት። ፖሊሱ በከተሞች ይሠራል፤ ወታደራዊ ማዕረግ ያለው ዣንዳርመሪ ደግሞ የገጠሩንና የአነስተኛ ከተሞችን ሰፊ መሬት ይሸፍናል። ምርመራውን የሚመራው ዐቃቤ ሕግ ወይም መርማሪ ዳኛ ነው። ስለዚህ የአንዱ አገር መርማሪ በራሱ ሊወስነው የሚችለውን ነገር የሌላው መርማሪ ፈቃድ ጠይቆ ያደርገዋል። ከውጭ ለሚመጣ ጥያቄ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው፤ ደብዳቤው ለማን መጻፍ እንዳለበት ይለውጣልና።

አሜሪካ ወደ 18,000 የሚጠጉ የተለያዩ የፖሊስ ተቋማት አሏት። በአውሮፓ የቅርብ ጊዜው አዝማሚያ ግን ማዋሐድ ነው። ስኮትላንድና ኔዘርላንድስ በ2013፣ ስዊድን በ2015 እ.ኤ.አ. የየአካባቢውን ፖሊስ ወደ አንድ ብሔራዊ ኃይል አጠቃለዋል። ጎረቤታችን ኬንያ በ2010 እ.ኤ.አ. ሕገ መንግሥቷ ሁለቱን የፖሊስ አገልግሎቶች በአንድ ዋና ኢንስፔክተር ሥር አድርጋለች፤ ከዚያም ፖሊስን ከውጭ ሆኖ የሚመረምር ነጻ ባለሥልጣን አቋቁማለች። ከኬንያው ለውጥ ይህ ሁለተኛው ይበልጥ ይማርከኛል። የፖሊስን በደል የሚመረምረው ራሱ ፖሊስ ሲሆን፣ ተበዳይ ወደ ጣቢያ መሄድ ይተዋል፤ ያ ደግሞ መረጃ የሚደርቅበት የመጀመሪያው ቦታ ነው።

የእኛ ሕገ መንግሥት ፌዴራል ፖሊስን ለፌዴራሉ መንግሥት፣ የክልል ፖሊስን ለክልሎች ሰጥቷል። አዲስ አበባ የራሷ ኮሚሽን አላት። የውጭ ዜጎች ጉዳይ፣ የሐሰት ገንዘብ፣ የአደንዛዥ ዕፅ ዝውውር፣ የአቪዬሽን ደኅንነትና ከአንድ ክልል ወሰን ያለፈ ወንጀል የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ሥልጣን እንዲሆኑ በአዋጅ ቁጥር 25/1988 ተወስኖ ነበር። በሰዎች መነገድና ሰዎችን በሕገወጥ መንገድ ማሻገር ደግሞ ራሱን የቻለ ሕግ አለው፤ አዋጅ ቁጥር 1178/2012። በወረቀት ላይ ክፍፍሉ ንጹሕ ነው። ችግሩ ወንጀሉ ሲጀምር ምን እንደሆነ አለመታወቁ ነው። ፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ ያለ ጣቢያ የሚደርሰው አቤቱታ "ልጄ ጠፋብኝ" የሚል ነው። ተረኛው ፖሊስ ይህን እንደ ተራ የጠፋ ሰው ጉዳይ ከመዘገበው፣ ፌዴራል መርማሪው ሳያየው ሳምንታት ያልፋሉ፤ በዚህ መካከል ልጁ በረሃውን ይሻገራል።

የአዲስ አበባን ሕዝብ ከምንም በላይ ስለዚህ ጉዳይ ያስተማረው የኪዳኔ ዘካሪያስ ሀብተማርያም ነገር ነው። በሊቢያ ባኒ ወሊድ ስደተኞችን አግቶ በማሰቃየትና ቤተሰባቸውን ገንዘብ በማስከፈል ይፈለግ የነበረው ይህ ኤርትራዊ በ2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ተያዘ። ለመያዙ ምክንያት የሆነው ከእጁ የተረፈ ሰው መንገድ ላይ አይቶ መለየቱ ነው። ሳተላይት ወይም የጣት አሻራ ቋት አልነበረም፤ የተበዳይ ዓይን ነበር። የካቲት 2013 ፍርድ ቤት በቀረበበት አመለጠ፤ በሌለበትም የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት። ያን ዜና የሰሙት ተበዳዮች የተሰማቸውን መገመት አያስቸግርም። ስማቸውንና ቃላቸውን ሰጥተው ሳለ ተከሳሹ ወጥቶ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ሥራው የብዙ አገር ሆነ። በኢትዮጵያና በኔዘርላንድስ ጠያቂነት በኢንተርፖል ሁለት ቀይ ማስታወቂያዎች ወጡበት። ደቾች የገቡበት ምክንያት ቀላል ነው፤ እነሱ አገር የሚኖሩ ዘመዶች ማስለቀቂያ እንዲከፍሉ ተገድደዋል። የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች መርማሪዎች የገንዘቡን ፈለግ ተከተሉ። ታኅሣሥ 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ተያዘ። በተመሳሳይ ወንጀል በአዲስ አበባ የተያዘውና ተወልደ ጎይቶም በሚል ስም የ18 ዓመት እስራት የተፈረደበት ሌላው ተከሳሽ ደግሞ በ2015 መጀመሪያ ለኔዘርላንድስ ተላልፎ ተሰጠ።

በዚህ ጉዳይ የተገናኙት ሥርዓቶች አንዱ ከሌላው የራቀ ነው። ኔዘርላንድስ አንድ ብሔራዊ ፖሊስ አላት፤ ኤምሬቶቹ እንደ ዱባይና አቡ ዳቢ የየራሳቸውን ፖሊስ ይይዛሉ፤ የእኛ ፌዴራላዊ ነው፤ ሱዳን ያኔ በወታደራዊ አገዛዝ ሥር ነበረች። ያገናኛቸው የአደረጃጀት መመሳሰል አልነበረም። አንዱ የጻፈውን ሌላው አነበበ፤ አንዱ ያየውን ገንዘብ ሌላው ከሰው ስም ጋር አያያዘ።

ኢንተርፖል ራሱ ፊልም ላይ እንደምናየው ሰው የሚያስር ኃይል አይደለም። ዋና መሥሪያ ቤቱ በፈረንሳይ ሊዮን ያለ፣ 196 አገሮች የተሰባሰቡበት የመረጃ መለዋወጫ ድርጅት ነው። ኢትዮጵያ በ1958 እ.ኤ.አ. አባል ሆናለች። ቀይ ማስታወቂያም የእስር ትእዛዝ አይደለም፤ ይህ ሰው ይፈለጋልና ፈልጋችሁ አቆዩልኝ የሚል ጥያቄ ነው፤ ማሰር አለማሰሩን እያንዳንዱ አገር በራሱ ሕግ ይወስናል። የድርጅቱ መተዳደሪያ አንቀጽ 3 ፖለቲካዊ፣ ወታደራዊ፣ ሃይማኖታዊና ዘርን የሚመለከት ጉዳይ ውስጥ እንዳይገባ ይከለክላል። ይህ አንቀጽ ጌጥ አይደለም። መንግሥታት ተቃዋሚያቸውን በወንጀለኛ ስም ለማስያዝ ማስታወቂያውን ሲጠቀሙበት፣ የእውነተኛው አጋች ማስታወቂያም በጥርጣሬ መታየት ይጀምራል። በአካባቢያችን የምሥራቅ አፍሪካ የፖሊስ አዛዦች ትብብር ድርጅት ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። በአልጀርስ የተቀመጠው የአፍሪካ ኅብረት የፖሊስ ትብብር ተቋም፣ አፍሪፖል፣ መተዳደሪያው የጸደቀው እዚሁ አዲስ አበባ በ2017 እ.ኤ.አ. በተደረገው የኅብረቱ ጉባኤ ነው።

ተላልፎ መስጠት ላይም የሁለቱ ጎረቤት ኤምባሲዎች መንግሥታት አንድ ዓይነት አቋም የላቸውም። ፈረንሳይ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ላሉ አገሮች ዜጋዋን አሳልፋ አትሰጥም፤ ብሪታንያ ትሰጣለች። የእኛ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 21 ከፈረንሳይ ጋር ይገጥማል፤ ኢትዮጵያዊ ለውጭ አገር አይሰጥም፤ ይልቁንም እዚሁ ይዳኛል። መልካም መርሕ ነው፤ ግን ሙሉ የሚሆነው እዚህ ያለው ፍርድ ቤት ከውጭ የመጣውን ማስረጃ ተቀብሎ መፍረድ ሲችል ነው። ከትሪፖሊ የመጣ የምስክር ቃል፣ ከዱባይ የመጣ የባንክ መግለጫ ከሌለ ነጻ መውጣት ይከተላል።

ማስረጃው ደግሞ በየአገሩ ዳኛ ፊት የሚመዘነው እንዴት እንደተገኘ እየታየ ነው። ሕገ መንግሥታችን የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዝዛል። ከዚያ በኋላ ግን ፖሊስ የጊዜ ቀጠሮ ይጠይቃል፤ የ1954ቱ ሕግ እያንዳንዱን ቀጠሮ ከ14 ቀን እንዳይበልጥ ቢወስንም ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም ገደብ አላበጀለትም። እንግሊዝ ውስጥ ከሽብር ውጭ ባለ ከባድ ወንጀል ፖሊስ ተጠርጣሪን ክስ ሳይመሠርት ማቆየት የሚችለው በዳኛ ፈቃድ እስከ 96 ሰዓት ድረስ ነው። የአምስተርዳም ወይም የለንደን ዳኛ ለወራት ታስሮ ከቆየ ሰው የተገኘን ቃል ሲያይ ይጠራጠራል። እኛ ዘንድ በችኮላ ወይም በግፍ የተወሰደ ቃል፣ ድንበር ተሻግሮ አጋቹን ሊያስለቅቀው ይችላል። የተጠርጣሪ መብት መጠበቅና የተበዳይ ፍትሕ ማግኘት የሚጣሉ ይመስላቸዋል ብዙዎች። በድንበር ዘለል ወንጀል ግን አንዱ ያለ ሌላው አይቆምም።

የደቡቡም መንገድ ከዚህ አይለይም። መጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ ግዛት አንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ሲከፈት 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው ተገኙ፤ 14 ተረፉ። መኪናው የገባው ከማላዊ ነበር። በሞያሌ በኩል ወደ ደቡብ የሚወስደው መንገድ በኬንያ፣ በታንዛኒያና በማላዊ ያልፋል። በዚህ መንገድ ላይ በእያንዳንዱ ኬላ የቆመ ፖሊስ አለ፤ አንዳንዱ ሳያይ፣ አንዳንዱም ተከፍሎት ያሳልፋል። የሟቾቹ ቤተሰቦች አቤት የሚሉት ግን በየሰፈራቸው ጣቢያ ነው።

ስለዚህ ለዚያች እናት ጉዳይ የሚያስፈልገው ነገር በጣም ተጨባጭ ነው። የመጀመሪያ ቃሏ ሲወሰድ የደወለው ስልክ ቁጥር ከነአገር መለያው፣ የደወለበት ቀንና ሰዓት፣ ገንዘብ አስገቢ የተባለችበት የሒሳብ ቁጥርና ስም፣ የሰፈሩ ደላላ ማንነት፣ ልጁ የሄደበት መንገድ አንድ በአንድ መጻፍ አለበት። ተረኛው ፖሊስ ይህን በዚያው ዕለት ለፌዴራል መርማሪ የማስተላለፍ ግዴታና መንገድ ሊኖረው ይገባል። ኢትዮጵያ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ የጠቋሚዎችና ምስክሮች ጥበቃ አዋጅ አላት፤ ቁጥሩ 699 ነው። ከእገታ ተርፎ የተመለሰ ወጣት አጋቹን መንገድ ላይ ቢያይ ሮጦ ጣቢያ የሚገባው፣ ይህ አዋጅ ለእሱም እንደሚሠራ ሲያምን ነው።