ለጆሮ የታሰበ ጠመንጃ

ፊልም ስለ ድምፅ ማፈኛ ያስተማረን ውሸት ነው። ገዳዩ አፈሙዙ ላይ አንዲት ቱቦ ይገጥማል፣ ቃታውን ይስባል፣ በቀጣዩ ክፍል የተቀመጠው ሰው እንኳ ሳይሰማ ሟቹ ይወድቃል። በዚህ የተነሳ አጠር ቀለል ያለ፣ አፈሙዙ ማፈኛ እንዲገጠምበት ጥርስ ወጥቶለት የሚሸጥ የአደን ጠመንጃ ያየ ሰው ቶሎ ክፉ ክፉውን ያስባል። ጠመንጃው ያጠረበት ዋና ምክንያት ግን ከሰው ዓይን መደበቅ አይደለም። ያጠረው የአዳኙን ጆሮ የሚያተርፈው ማፈኛ ሲገጠምበት እንዳይንዘላዘል ነው።

የአደን ጠመንጃ ሲተኮስ ተኳሹ ጆሮ ዘንድ የሚደርሰው ድምፅ 160 ዴሲቤል ያልፋል። ለእንዲህ ያለ ቅጽበታዊ ድምፅ የጤና ባለሙያዎች ያስቀመጡት የአደጋ ወሰን 140 ነው፤ ከዚያ ካለፈ አንዲት ተኩስ ብቻዋን የማይመለስ ጉዳት ልታደርስ ትችላለች። የመትረየስ ፈልሳፊው ሂራም ማክሲም በገዛ መሣሪያዎቹ ጩኸት ጆሮው ተጎድቶ ነው ያረጀው። እ.ኤ.አ. በ1909 ለማፈኛ የፈጠራ መብት ያገኘው ደግሞ ልጁ ሂራም ፐርሲ ማክሲም ነው፤ ይኸው ሰው በዚያው መርህ የመኪና ጭስ ማውጫን ጩኸት የሚቀንስ ዕቃም ሠርቷል። ጥይቱን ተከትሎ የሚወጣው የጋለ የባሩድ ጋዝ በአንድ ጊዜ አየር ላይ ሲፈነዳ ነው ጩኸቱ የሚፈጠረው። ማፈኛው ውስጥ በተርታ የቆሙት ክፍልፋዮች ጋዙን ያዝ ለቀቅ እያደረጉ ግፊቱንና ሙቀቱን ይቀንሱታል። ጥሩ ማፈኛ ከ25 እስከ 30 ዴሲቤል ያወርዳል፤ 30 ዴሲቤል ማለት የድምፁ ኃይል ወደ አንድ ሺሕኛ ወረደ ማለት ነው። እንዲያም ሆኖ የሚቀረው ሹክሹክታ አይደለም። ከድምፅ የፈጠነ ጥይት አየሩን ሲሰነጥቅ የሚያሰማውን ጩኸትማ ማፈኛው ጨርሶ አይነካውም።

አሁን ወደ ቁመቱ እንምጣ። ሩገር አሜሪካን የተባለው የአደን ጠመንጃ መደበኛው ዓይነት በርሜሉ 56፣ ጠቅላላ ቁመቱ 107 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። 18 ሴንቲሜትር ማፈኛ ሲጨመርበት 125 ይሆናል፤ ይህን ይዞ ጥቅጥቅ ባለ ደን ውስጥ መሹለክ ፈተና ነው። ራንች የተባለው አጭሩ ዓይነት ግን በርሜሉ 41፣ ቁመቱ 92 ሴንቲሜትር፣ ክብደቱ 2.7 ኪሎ አካባቢ ነው። ያው ማፈኛ ሲገጠምበት 110 ይደርሳል፤ ማፈኛ ከሌለው ከመደበኛው ጠመንጃ የሚበልጠው በ3 ሴንቲሜትር ብቻ ነው። ጥይት የሚጎርሰውም እንደ አያቶቻችን ምንሽር እጀታው በእጅ እየተሳበ መሆኑ ለማፈኛ ይስማማዋል። በራሱ የሚጎርስ ጠመንጃ ቀለሁን ሲተፋ ከጋዙም ከድምፁም ከፊሉን በጎኑ ይለቃል፤ በእጅ የሚሠራው ግን አዳኙ ራሱ እስኪከፍተው ድረስ ጥርቅም ብሎ እንደተዘጋ ነው።

በርሜል ሲያጥር ጥይቱ ይሰንፋል የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው፣ ግን ተጋንኗል። የዊንቸስተር 308 ጥይት በርሜሉ ከ56 ወደ 41 ቢወርድ የሚያጣው በሰከንድ 40 ሜትር ያህል፣ ማለትም ከፍጥነቱ አምስት በመቶ ገደማ ነው። ደን ውስጥ በ100 እና በ200 ሜትር ለሚተኩስ ሰው ይህ ከቁጥር አይገባም፤ ሜዳ ላይ ከሩቅ ለሚያልም ግን ሌላ ጠመንጃ ይሻለዋል። ቀላል ጠመንጃ ትከሻ ይመታል የሚለውን ስሞታ ደግሞ ማፈኛው ራሱ ያቃልለዋል፤ ክብደት ይጨምራል፣ ጋዙንም ይይዛል።

ከተቃውሞዎቹ ሁሉ የሚከብደው የሕገ ወጥ አዳኝ ነገር ነው። ማፈኛ ተኩሱ ከየት እንደመጣ ለመለየት እንደሚያስቸግር መካድ አይቻልም፤ የደን ጠባቂው ስጋት ተገቢ ነው። ኒውዚላንድ ግን ሌላ ገጽ ታሳያለች። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከአውሮፓ የገባው ቀይ አጋዘን የሚበላው አውሬ በማጣቱ ተራብቶ ደኑን ጎዳ፤ እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ጀምሮ መንግሥት ራሱ አዳኝ ቀጥሮ ሲያስገድል ኖሯል። ዛሬ በዚያ አገር አጭር በርሜልና ማፈኛ የአዳኝ ተራ ዕቃ ነው። ጀርመንም እ.ኤ.አ. በ2020 ፈቃድ ላላቸው አዳኞች ማፈኛን ፈቅዳለች። መቆጣጠር የሚገባው ጠመንጃውንና ባለቤቱን ነው፤ ጆሮ የሚያድነውን ቱቦ መከልከል ሕገ ወጡን አያስቆመውም፣ ሕጋዊውን ግን ያደነቁረዋል።

በአሜሪካ የምትኖሩና አደን የምትወዱ አንባቢዎች፣ እ.ኤ.አ. ከ1934 ጀምሮ በማፈኛ ላይ ይከፈል የነበረው የ200 ዶላር ግብር ከጃንዋሪ 2026 ወዲህ ዜሮ ሆኗል። ምዝገባውና ምርመራው ግን አልቀረም፤ ካሊፎርኒያንና ኒውዮርክን የመሰሉ ግዛቶችም እንደከለከሉ ናቸው። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት የግዛታችሁን ሕግ እዩ፤ ተኩስ ስትለማመዱ ደግሞ ማፈኛ ቢኖራችሁም የጆሮ መሸፈኛችሁን አታውልቁ።