የእርጉዟ የጡት ሕመም፦ ሐያእ ከሕክምና አያግድ

ዛሬ በቢቸናም ሆነ በሞጣ ብዙ እኅቶች ሐያእ ይዟቸው ለባላቸው እንኳ የማይነግሩትን ጉዳይ እናነሳለን፤ በእርግዝና ወቅት የሚመጣውን የጡትና የጡት ጫፍ ሕመም።

ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ በሽታ አይደለም። ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጀምሮ ሆርሞን ይጨምራል፤ ወደ ጡት የሚሄደው ደም ይበዛል፤ የወተት ቱቦዎች ያድጋሉ። ስለዚህ ጡት ይወጠራል፤ ጫፉም ልብስ ሲነካው ያማል። ብዙዎችን ከ3ኛው ወር በኋላ ቀለል ይላቸዋል።

እስከዚያው የሚደግፍ፣ የማያጠብቅና ሽቦ የሌለው የጥጥ ጡት መያዣ ማድረግ ይጠቅማል፤ ማታም ቢሆን። ሳሙና ቆዳውን ስለሚያደርቅ የጡቱን ጫፍ ለብ ባለ ውኃ ብቻ መታጠብ ይበቃል።

አንዳንዷ እኅት ደግሞ ሳትወልድ ቢጫ ፈሳሽ ጠብ ሲልባት ሶላቷ የተበላሸ ይመስላታል። ይህ እንገር ነው፤ ጣሂር ነው፤ ውዱእም አያፈርስም። ሕፃኑ ሲወለድም ታልቦ አይደፋ፤ ከበሽታ የሚከላከልለት የመጀመሪያ ምግቡ ነውና።

ነገር ግን ጠጣር እብጠት፣ ደም የቀላቀለ ፈሳሽ፣ ወይም ትኩሳት ያለው መቅላት ከታየ ዝም ማለት አይገባም። በሁለቱም ከተሞች ሆስፒታል አለ፤ በሴት ባለሙያ መታየት እንፈልጋለን ማለትም ነውር የለውም።

ባሎች ሆይ! አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ ሉቅማን እናት በድካም ላይ ድካም ተሸክማ እንዳረገዘችን አስታውሶናል። ውኃ መቅዳቱና እንጨት መሸከሙ በእነዚህ ወራት የእኛ ድርሻ ይሁን።